ቀፎ ከመግዛት በፊት፦ የትውልድ መንደሩን ድኻ በንብ ማነብ ለማቋቋም ለሚሻ ሰው የተጻፈ መመሪያ

በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ የሚኖሩ የአንድ ወረዳ ተወላጆች ማኅበር አቁመው፣ ከየወር ደመወዛቸው እያዋጡ ገንዘብ ሰብስበው፣ በትውልድ መንደራቸው የሚኖረውን ድኻ ለመርዳት በተነሡ ጊዜ፣ ወደ ሐሳባቸው አስቀድሞ የሚመጣው ለዐይን የሚታይና ፎቶግራፍ የሚነሣ ነገር ነው፤ በደጋውና በወይና ደጋው አገር ደግሞ እንደዚህ ካሉት ነገሮች አንዱ ቢጫ ቀለም የተቀባው ሣጥን ቀፎ ነው። ሣጥኑ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ ሹማምንቱና ካህናቱ በተገኙበት ለየቤቱ ይታደላል፤ ምርቃቱና ጭብጨባውም ይበዛል። ዳሩ ግን ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ በብዙ ስፍራ ያ ሣጥን ንብ ሳይገባበት ቀርቶ የእህል ማስቀመጫ ወይም የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ይታያል። ይህ የሚሆነው ባላገሩ ሰነፍ ስለ ሆነ ወይም የረጂው ልብ ቅን ስላልሆነ አይደለም፤ የሥራው ቅደም ተከተል ስለ ተገለበጠ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዬ ላመለክት የምሻው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ቀፎ በመጨረሻ ይገዛል፤ ከእርሱ የሚቀድሙት አበባው፣ ሰዎቹ፣ ጥበቡና ገዢው ናቸው።

ከልዩ ልዩው የመተዳደሪያ ዓይነት መካከል ንብ ማነብን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። መሬት ያልደረሰው ወጣትና ባሏ የሞተባት ሴት፣ የሚያርሱት ማሳና የሚጠምዱት በሬ ባይኖራቸው እንኳ፣ ጠባብ ጓሮ ወይም ከተከለለ ተራራ ግርጌ ጥቂት ስፍራ ካገኙ ንብ ሊያነቡ ይችላሉ፤ ንቢቱ ሲሳይዋን ከጎረቤት ማሳና ከዱር አበባ ለቅማ ትመጣለችና። ይህም ለባለ ማሳው ጥቅም እንጂ ጉዳት አይሆንበትም፤ ኑግና ባቄላ ንብ በጎበኘቻቸው ጊዜ ፍሬያቸው ይበረክታል። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ከማሯም የሚበዛው ወደ ውጭ ሳይወጣ በአገር ውስጥ ጠጅ ሆኖ ይጠጣል፤ ሰሟ ለአብያተ ክርስቲያናት ጧፍ ይሆናል፣ በውጭ ገበያም ይፈለጋል። እንግዲህ ገዢ አለ፤ ዕውቀቱም ከአያት ከቅድመ አያት ሲወራረስ የመጣ ነው፤ የጎደለው በመካከል ያለው ጥቂት ነገር ሲሆን፣ ረጂ ሊሞላ የሚገባውም ያንን ጉድለት ብቻ ነው።

አበባው

የመጀመሪያው ሥራ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ወደ መንደሩ ይሂዱ፤ በሄዱም ጊዜ ቀድሞ ንብ ያላቸውን ሽማግሌዎች ፈልገው በጥላ ሥር አብረዋቸው ይቀመጡና ከመስከረም ጀምረው እስከ ጳጉሜን ድረስ በየወሩ ምን እንደሚያብብ ይጠይቁ፤ የነገሩዎትንም በወረቀት ላይ ይጻፉ። በመስከረምና በጥቅምት አደይ አበባው ሜዳውን በሚያለብስበት ወራት ንብ እንደምትጠግብ ሁሉም ያውቃል፤ እርስዎ ሊያውቁት የሚያስፈልግዎ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ግራዋው በበጋ ያብባልን? ብሳናው፣ ዋንዛው፣ ግራሩ አሁንም አለን ወይስ ለከሰል ተቆርጦ አልቋል? በትግራይና በላስታ ደጋ ነጩን ማር የሚሰጠው መንጤሴ በተራራው ላይ ቀርቷልን ወይስ ፍየል ጨርሶታል? አንድ አናቢ ሽማግሌ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ብዙ ገጽ ካለው የጥናት ጽሑፍ ይልቅ ይጠቅምዎታል፤ እርሱ በእያንዳንዱ ወር የቀፎውን ክብደት በእጁ እያነሣ ሲመዝን የኖረ ነውና።

በዚህ ዐይነት በተጻፈው የአበባ መቁጠሪያ ላይ ባዶ ሆነው የሚታዩት ወራት ንቦቹ የሚራቡባቸውና የሚኮበልሉባቸው ወራት ናቸው። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ዝናቡ ያለ ማቋረጥ የሚወርድበት የሐምሌና የነሐሴ ወቅት፣ ሁለተኛውም በጋው የሚጠናበት ጊዜ ነው። ባዶው ወር ሁለትና ሦስት ከሆነ፣ ንብ በስኳርና በበሶ ደግፎ ማሻገር ይቻላል፤ ከዚህ ከበለጠ ግን ለቀፎ ያሰቡትን ገንዘብ ለችግኝ ያድርጉት። በቅጥሩ ዙሪያ ግራዋ፣ በወሰኑ ላይ ዋንዛና ብሳና ይተከል። የሚጠጣም ውሃ በቅርብ መኖሩን ይመልከቱ፤ ንብ ለመኖዋ እስከ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ልትሄድ ብትችልም፣ ውሃ ለመቅዳት ይህን ያህል የምትደክም ከሆነ ማር ለመሥራት የሚተርፋት ኀይል ጥቂት ነው።

ተራራን ከልሎ ማቆየት ለንብ ምን እንደሚያደርግላት ለማወቅ የሚሻ ሰው በትግራይ በውቅሮ አጠገብ ያለችውን የአብርሃ ወአጽብሃን መንደር ታሪክ ይጠይቅ። የዚያች መንደር ሰዎች የተራቆተውን ዳገት ከከብት ከልለው፣ እርከንና ጉድጓድ ቆፍረው፣ ጎርፉን በየስፍራው እየያዙ ወደ መሬት ባሰረጉት ጊዜ፣ ቁጥቋጦውና ሣሩ ተመለሰ፣ የጉድጓዱም ውሃ ከፍ አለ፣ ከዚያም በኋላ ማር ከመንደሩ ገቢ አንዱ ሆነ፤ ስለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ኢኩዌተር የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ማሩ የመጣው ከተራራው በኋላ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ስለ አበባ ስንናገር በማሳ ላይ የሚረጨውን መድኃኒት ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። የአረም መግደያው ንብ የምትቀስማቸውን አበቦች ያጠፋል፤ የተባዩ መድኃኒት ደግሞ ንቢቱን ራሷን ይገድላታል፤ በአንድ ጧት ተረጭቶ ብዙ ቀፎ ባዶ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ፣ የሚረጭ ሰው ንብ ወደ ቀፎዋ ከተመለሰች በኋላ ፀሐይ ስትጠልቅ እንዲረጭ፣ አበባ ባለው ሰብል ላይም እንዳይረጭ፣ ባለ ንብ ለሆኑ ጎረቤቶቹም በዋዜማው እንዲነግር ቃል ይግባ፤ ቃሉም በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጻፍ። ይህ ስምምነት ካልተገኘ በስተቀር አንድ ብር እንኳ ለዚህ ሥራ እንዳያወጡ እመክርዎታለሁ።

ሰዎቹ

ሁለተኛው ሥራ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ማንን መርዳት እንደሚገባ መለየት ነውና። በመንደር ውስጥ ስም ዝርዝር ሲጻፍ የሹሙ ዘመድ በግራም በቀኝም መግባቱ፣ ጎረቤት የማይጠይቃት መበለት ደግሞ መረሳቷ የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ለአንድ ሰው አይተዉት፤ የእድሩ ዳኛ፣ የደብሩ ካህን ወይም የመስጊዱ ሼኽ፣ ከሴቶችም ሁለትና ሦስት ሆነው ይምረጡ፤ የመረጡትም ስም በገበያ ቀን ወይም በሰንበት ሕዝብ በተሰበሰበበት ይነበብ፤ የሚቃወም ይቃወም።

ሴቶችን በተለይ ይፈልጉ። በብዙ አገር ቀፎ ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀል ስለ ነበረና ሴት ዛፍ መውጣት ነውር ነው ይባል ስለ ነበረ፣ ንብ የወንድ ሀብት ሆኖ ኖሯል፤ ሴቲቱ ማሩን በጠጅ ጋን ውስጥ ስትበጠብጥ ትውላለች እንጂ በቀፎው ላይ እጅ የላትም። ቀፎው ከዛፍ ወርዶ በጓሮ በአጭር መደብ ላይ ሲቀመጥ ግን ይህ ዕንቅፋት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወድቃል፤ ሥራውም ከቤት ሥራ ጋር የሚስማማ፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ ልጅ የያዘች እናት ልታከናውነው ትችላለች። ገንዘቡ በእጇ በገባ ጊዜ ወደ ልጆቿ አፍና ወደ ልጆቿ ደብተር እንደሚሄድ ለማመን ሌላ ማስረጃ አልሻም።

በማኅበር ወይስ በግል የሚለው ጥያቄ ብዙ ክርክር ያስነሣል። የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ ንቡ የግል ይሁን፣ መሣሪያውና ገበያው የጋራ ይሁን። ዐሥር ወጣቶች ዐሥር ቀፎ በጋራ በያዙ ጊዜ፣ ጉንዳን በገባ ሌሊት የሚነቃ አንድም ሰው አይገኝም፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ቀፎ በያዘ ጊዜ ግን ሁሉም ይነቃል። የማር ማውጫ መሣሪያውን፣ የጭስ ማጨሻውን፣ የዐይን መከለያውን ልብስ፣ ማሩን ወደ ከተማ የሚያደርሰውን ጭነት ግን አንድ ድኻ ለብቻው ሊችለው አይችልምና በእነዚህ ይተባበሩ።

በነጻም አይስጡ። ይህን የምለው ከጭካኔ አይደለም፤ ሰው ከእጁ የወጣበትን ነገር እንደሚጠብቅ ስለማውቅ ነው። የሚያወጣው ግን የግድ ገንዘብ መሆን የለበትም፤ አንዱ እንጨት ያምጣ፣ አንዱ ጉልበቱን ያውጣ፣ አንዱ የንብ መንጋ አጥምዶ ያምጣ። ባላገሩ ከብት በርቢ መስጠትንና መቀበልን ከጥንት ያውቃልና ያንኑ ሥርዓት ወደ ንብ ያምጡት፤ ዛሬ አንድ ኅብረ ንብ ከማኅበሩ የተቀበለ ሰው፣ ንቡ በተባዛለት ጊዜ፣ በሦስተኛው ዓመት አንድ ኅብረ ንብ ከፍሎ በዝርዝሩ ላይ ለሚቀጥለው ጎረቤት ይስጥ። በዚህ ሥርዓት ለዐሥር ሰዎች ያወጡት ገንዘብ በጊዜው ለሃያ ይደርሳል።

ጥበቡና ቀፎው

የባላገሩን ባህላዊ ቀፎ አይናቁ። ከሸምበቆ ወይም ከሐረግ ተሠርቶ፣ በእበትና በጭቃ ተለስኖ የተዘጋጀው ድብልብል ቀፎ ለንቢቱ የሚስማማ ቤት ነው፤ ጉድለቱ ለአናቢው ነው፤ ውስጡን ከፍቶ ማየት፣ ማሩን ከእጩ ለይቶ መቁረጥ አይቻልምና። ከእንዲህ ያለው ቀፎ በዓመት የሚገኘው ማር ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ምንም አዲስ ቀፎ ሳያመጡ፣ በዚሁ በነባሩ ቀፎ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ያስተምሩ፤ በእሳት ፈንታ ጭስ መጠቀምን፣ ማር ሲቆረጥ እጩ ያለበትን ወገን መተውን፣ ለንቢቱም የክረምት ስንቋን ማስቀረትን። በዚህ ዓመት የተማረና የታገሠ ሰው ለሚቀጥለው ደረጃ የተዘጋጀ ነው፤ ያልታገሠውም ማን እንደ ሆነ በትንሽ ወጪ ይታወቃል።

ሁለተኛው ደረጃ የሽግግር ቀፎ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኬንያ የተሞከረና ከዚያ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገር የተስፋፋ ቀፎ ሲሆን፣ እንደ ገንዳ አፉ ሰፊ ታቹ ጠባብ ሆኖ ይሠራል፤ በአናቱም ላይ ርብራብ እንጨቶች ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ንቢቱ በእያንዳንዱ እንጨት ሥር አንድ የማር እንጀራ ታንጠለጥላለች። የሽግግር ቀፎ ምስጢር ሁሉ በርብራቡ ስፋት ላይ ነው። ለእኛ አገር ንብ ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ይህ ልክ የአንድ እንጀራ ውፍረትና በሁለት እንጀራ መካከል ንቢቱ የምትመላለስበት መንገድ ተደምሮ የሚመጣ ነው። አናጢው በግምት ጥቂት ካሰፋው ወይም ካጠበበው ንቦቹ እንጀራውን ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው አሻግረው ይሠሩታል፤ ያን ጊዜ አንዱን ለማንሣት ሲሞከር ሁለቱ ይቀደዳሉ፣ ማሩ ይፈሳል፣ ንቦቹ ይቈጣሉ፣ ቀፎውም ከባህላዊው የከፋ ይሆናል። ስለዚህ የመንደሩ አናጢ ሜትር ይዞ እንዲለካ ከመንገር ይልቅ፣ በትክክል 32 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ ደረቅ እንጨት ይስጡትና እያንዳንዱን ርብራብ በእርሱ እያስተያየ ይቁረጥ። በየእንጨቱም ሆድ መካከል ለመካከል የቀለጠ ሰም በቀጭን መስመር ይፍሰስ፤ ንቢቱ ሥራዋን ከዚያ መስመር ትጀምራለች፣ እንጀራዋም ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ይህ ቀፎ በመንደሩ አናጢ እጅ፣ ግድግዳውም ከሸምበቆና ከጭቃ ሊሠራ መቻሉ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሲሰበር የሚጠገነው ከዚያው ነውና።

ሣጥን ቀፎው በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል። የዚህ ዐይነት ቀፎ አባት የሚባለው አሜሪካዊው ቄስ ላንግስትሮት ሲሆን፣ ቀፎውን በመንግሥት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው። ጥቅሙ እንዲህ ነው፤ ንብ አንድ ኪሎ ግራም ሰም ለማመንጨት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ግራም የሚደርስ ማር ትበላለች ተብሎ ይገመታል፤ በሣጥኑ ቀፎ ግን ማሩ በሚሽከረከር መሣሪያ ተተፍቶ ባዶው እንጀራ ሳይፈርስ ስለሚመለስላት፣ ለሰም የምታጠፋው ማር ለሰው ይተርፋል፤ በደንብ በተያዘ ቀፎም ምርቱ ከባህላዊው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ይህ ትርፍ የሚገኘው ማር ማውጫው መሣሪያ፣ ሰም በስስ ንጣፍ የሚያትመው ማተሚያና ሁለቱን የሚያውቅ ሰው በመንደሩ ሲገኙ ነው። እነዚህ በሌሉበት ሣጥኑን ብቻ ማደል፣ በመግቢያዬ እንዳልሁት፣ ለዶሮ ቤት መሥራት ነው። ደግሞም ሰም ለሚፈለግበት አገር ባህላዊውና የሽግግሩ ቀፎ ከሣጥኑ ይልቅ ብዙ ሰም እንደሚሰጡ አይዘንጋ።

የዓመቱ ሥራ

ንብ በገንዘብ ከመግዛት በፊት ማጥመድን ያስቡ። መንጋ ከክረምት በኋላ፣ አበባው ሲፈነዳ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ ውስጡ ሰም የተቀባ፣ በወይራ ጭስ የታጠነ ባዶ ቀፎ ከዛፍ ላይ ቢሰቀል መንጋው ራሱ ይገባበታል። የገባውንም መንጋ በሌሊት ወደ ጓሮ አምጥተው ወደ አዲሱ ቀፎ ያዛውሩት።

የሚቀመጥበት ስፍራ ከነፋስ የተጋረደ፣ ከቀትር ፀሐይ የተጠለለ፣ በሩም ወደ ፀሐይ መውጫ የሚመለከት ይሁን። የአገራችን ንብ ቁጡ ናትና ከመንገድ፣ ከትምህርት ቤትና ከከብት በረት ይራቅ፤ በፈረስና በበቅሎ ላይ በተለይ ትከፋለች። በፊቱ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አጥር ቢተከል፣ ንቦቹ ከበሩ ሲወጡ ወደ ላይ ከፍ ብለው ስለሚበሩ መንገደኛውን አይነኩትም። የመደቡን እግሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ያቁሙ፣ በዙሪያውም አመድ ይነስንሱ፤ ጉንዳን በአንድ ሌሊት አንድ ኅብረ ንብ ሊጨርስ ይችላልና። በዙሪያው ያለው ሣር ዘወትር ይታጨድ።

በባዶው ወር ለንቢቱ ስኳርና ውሃ እኩል ለእኩል በጥብጦ፣ ጥቂት በሶ ወይም ሽሮ ጨምሮ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ ይህም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በቀፎው ውስጥ ይደረግ፤ በቀን በውጭ ቢቀመጥ የጎረቤት ንቦች ይመጡና ይዘርፉታል። ንቡ ጠንክሮ ቀፎውን በሞላ ጊዜ ደግሞ ለሁለት መክፈል ይቻላል፤ እንቁላልና እጭ ያለባቸው ጥቂት እንጀራዎች ከብዙ ሠራተኞች ጋር ወደ ሌላ ቀፎ ቢዛወሩ፣ ንግሥት የሌለው ወገን ከእንቁላሉ አዲስ ንግሥት ያሳድጋል። ንግሥት ከእንቁላል እስክትወጣ 16 ቀን፣ ሠራተኛ 21 ቀን፣ ድንጉላ 24 ቀን ይፈጅባቸዋል፤ አናቢው ይህን ቁጥር በቃሉ ይያዝ፤ በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ቀፎውን እየከፈተ የሚያውክ ሰው ኅብረ ንቡን ንግሥት ያሳጣዋል።

ማር መቁረጥ በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ በጥቅምትና በኅዳር፣ በአንዳንድ ስፍራም ዳግመኛ በግንቦትና በሰኔ ነው። አሠራሩን በቅርብ እንመልከተው። ጊዜው ማታ፣ ብርሃኑ ሳይጠፋ ነው። በማጨሻው ውስጥ ደረቅ ኩበት ይቀጣጠላል፤ ጭሱ ነጭና ቀዝቃዛ እስኪሆን ይጠበቃል፤ በበሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነፋና ጥቂት ደቂቃ ይታለፋል። ጭሱ የሸተታቸው ንቦች ወደ ማሩ ሮጠው ሆዳቸውን ይሞላሉና ለመናደፍ ይሰንፋሉ። ከዚያ በኋላ ክዳኑ ይነሣል፤ ከዳር ያለው ርብራብ በቢላ ጫፍ ላላ ይደረግና ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይሳባል። እንጀራው ሲወጣ ፊቱን ይዩት፤ ከአራት እጅ ሦስቱ በነጭ ስስ ሰም ተከድኖ ከሆነ ማሩ በስሏል፤ ክፍት ቀዳዳዎቹ ከበዙና ሲያዘነብሉት ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ገና ውሃ ነው፤ መልሰው በቦታው ያኑሩት። ውሃው ከመቶ 20 እጅ ያለፈ ማር በጋኑ ውስጥ ይቦካልና፣ አንድ ያልበሰለ እንጀራ የአንድ ባልዲ ማር ሊያበላሽ ይችላል። የበሰለው ሲቆረጥ ከእንጨቱ ሥር የአንድ ጣት ስፋት ያህል ይቀር፤ ንቢቱ ከዚያ ላይ ትቀጥላለች። እጭ ያለበትንና የአበባ ዱቄት የሞላበትን እንጀራ ከማሩ ጋር አይቀላቅሉ። የሚገባበት ባልዲ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ክዳን ያለው ይሁን፤ ማር ከአየር ላይ እርጥበት ይስባልና ክፍት ሆኖ አይደር።

ገዢውና ገንዘቡ

ገዢው ማሩ ሳይቆረጥ ይፈለግ። ጠጅ ጣዩ ከነሰፈፉ የተቀላቀለውን ይወስዳል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው፤ ንጹሑን ማር የሚሻው የከተማ ነጋዴና ወደ ውጭ የሚልከው ድርጅት የሚሰጡት ዋጋ የተሻለ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2008 ማር ለመግዛት በፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን አስገብቷታል። ይሁን እንጂ ይህ ገዢ በአንድ መንደር ያለውን ጥቂት ባልዲ ለመውሰድ ርቆ አይመጣም፤ ማሩን በአንድ ስፍራ መሰብሰብ የአናቢዎቹ ማኅበር ሥራ ነው። ስኳር የሚቀላቅል አንድ አባል ሲገኝ የማኅበሩ ስም ሁሉ ይጠፋልና፣ በእያንዳንዱ ባልዲ ላይ የባለቤቱ ምልክት ይደረግ፤ የቀላቀለ ሰው በደንቡ መሠረት ይባረር። ይህን ለማድረግ የሚራራ ማኅበር በሚቀጥለው ዓመት ገዢ አያገኝም።

ሰሙን አይጣሉ። ብዙ ሰው ማሩን አጥልሎ የተረፈውን ሰፈፍ ይወረውረዋል፤ በጠጅ ቤቱም ደጃፍ ተከምሮ ይታያል። ሰፈፉ ታጥቦ በጆንያ ውስጥ ይቋጠርና በሚፈላ ውሃ በተሞላ ድስት ውስጥ ይገባል፤ በእንጨት ሲጫኑት ሰሙ በጆንያው ዐይን እየሾለከ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ዕድፉ በውስጥ ይቀራል፤ እሳቱ ጠፍቶ ሲያድር ሰሙ ቢጫ ክብ ሆኖ ይረጋል። በባዶ ድስት ያለ ውሃ አይቅለጥ፤ ይጠቁራል፣ እሳትም ይነሣበታል። ይህን ያህል ጥቂት ሥራ የተሠራበት ሰም በሚዛን ከማር በበለጠ ዋጋ የሚሸጥበት ገበያ አለ፤ ጧፍ የሚሠሩም ሴቶች በየደብሩ አጠገብ ይፈልጉታል።

ከመጀመሪያው ሽያጭ ጀምሮ እያንዳንዱ አባል በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይቆጥብ። እቁብ የማያውቅ መንደር ስለሌለ ይህን ለማስተማር ብዙ አይደክሙም፤ ነገር ግን እቁብ ለሁሉም በተራ ይደርሳል እንጂ ለታመመና ንቡ ለጠፋበት ሁልጊዜ ቀድሞ አይሰጥም። በኒጀር አገር በማራዲ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1991 ኬር በተባለው ድርጅት የተጀመረውና ዛሬ በብዙ አገር የተስፋፋው ሥርዓት ይህን ጉድለት ያቃናል፤ በማኅበር የተሰበሰቡት ሴቶች በየሳምንቱ የሚያዋጡት ገንዘብ በሁሉም ፊት ተቆጥሮ ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጣል፣ ሦስቱን ቁልፎች ሦስት ሴቶች ይይዛሉ፣ ሣጥኑ በአራተኛዋ ቤት ያድራል፤ ለሚያስፈልገው አባል በጥቂት ወለድ ይሰጥና በዓመቱ መጨረሻ ድርሻው ለሁሉም ይከፈላል። የውጭ ገንዘብ በዚህ ሣጥን ውስጥ አይጨምሩ፤ የረጂ ገንዘብ የገባበትን ሣጥን ሰው እንደ ራሱ አይጠብቀውም።

መውጣት

የእርስዎ ማኅበር በዚህ ሥራ ላይ የሚቆየው ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ አራት ዓመት እንዲሆን ከመጀመሪያው ቀን ይነገር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከገንዘብዎ የሚበልጠው ክፍል በየወሩ ወደ መንደሩ ለሚመላለስ አንድ ባለሙያ ደመወዝ ይዋል። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሰው ካለው ከእርሱ ጋር ይስሩ፤ የሆለታው የንብ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችም በዚህ ጥበብ የታወቁ ናቸውና ከመንደሩ ሁለት ትጉሃን፣ ቢቻል አንዷ ሴት፣ ከእነርሱ ዘንድ እንዲማሩ ያድርጉ። እነዚህ ሁለቱ በአራተኛው ዓመት የባለሙያውን ቦታ ይይዛሉ፤ ለሚሰጡትም አገልግሎት አናቢዎቹ በማር ይከፍሏቸው።

ለአባላትዎ የሚያቀርቡት ሪፖርት የታደለውን ቀፎ ቁጥር አይሁን። በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ፣ ክረምቱ በከበደበትና ንቢቱ በተራበችበት ጊዜ፣ ሁለት ሰዎች ከጓሮ ጓሮ እየሄዱ ክዳን ያንሡና ንብ ያለበትን ቀፎ ብቻ ይቁጠሩ፤ ያ ቁጥር ከዓመት ዓመት ካደገ ሥራው ጸንቶ ቆሟል፤ ካነሰ ግን አዲስ ቀፎ መላክዎን አቁመው ምክንያቱን ይመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ረኀብ፣ ጉንዳን ወይም የተረጨ መድኃኒት ሆኖ ያገኙታል።

ዝናብ የሚቀርበት ዓመት መምጣቱ አይቀርም፤ በዚያ ዓመት አበባው ይጠፋል፣ ንቡም ከቀፎ ቀፎ ይኮበልላል፣ ድኻውም ተስፋ ቈርጦ ሥራውን ሊተው ይችላል። ስለዚህ ከሚወጡበት ዓመት በፊት የአናቢዎቹ ማኅበር ከእያንዳንዱ የማር ሽያጭ ጥቂት እያስቀረ፣ ከቁጠባው ሣጥን በተለየ መዝገብ፣ ለአንድ ክረምት የሚበቃ የስኳርና የበሶ መግዣ፣ የተሰበረ መሣሪያ መጠገኛና መንጋ ለጠፋበት ሰው አዲስ ንብ መግዣ ያከማች፤ መዝገቡም በየሦስት ወሩ በአባላቱ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ።